የውሻ ክበብ ለምን አስፈለገ?



በዚህ ዓመት ተማሪዎቻችን ካቀረቧቸው የክበብ ማቋቋሚያ ጥያቄዎች ውስጥ አንዱ ብዙ አነጋግሯል። ለሚኒ ሚዲያው፣ ለቀይ መስቀሉ፣ ለአካባቢ ጥበቃው ክበብ ማንም «ለምን?» ብሎን አያውቅም። ልጆቹ «የውሻ ክበብ እናቋቁም» ብለው ማመልከቻ ሲያስገቡ ግን የቢሮው ስልክ አላረፈም። «ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር እንጂ ውሻ እንዲያጥብ አይደለም» ያሉን አባት አሉ። አንዲት እናት ስለ ንክሻ ሲያነሡ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። በእምነታቸው ምክንያት ልጃቸው ውሻ እንዲነካ የማይፈልጉ ወላጆችም ነግረውናል። ለእያንዳንዱ በስልክ ስንመልስ የቆየነውን እዚህ ሰብሰብ አድርገን ልንጽፈው ወደድን። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገራለን፦ ክበቡ መቋቋም አለበት።

ልጆቹ ከማመልከቻው ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ አያይዘው ነበር፤ ባሰንጂ ስለሚባል የውሻ ዝርያና ዝርያውን ስለሚጠብቅ አንድ አገር አቀፍ ማኅበር። እኛ የውሻ ማኅበር ሲባል የሚታየን ባለጸጋ ሰው ውሻውን አበጥሮ ለውድድር ሲያቀርብ ነው። እንዲያም አለ። ነገሩን ተከታትለን ስናነብ ግን ያገኘነው ሌላ ነው፤ ያሳመነንም እሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሰንጂ የሩቅ አገር ውሻ አይደለም። ከኡጋንዳ ድንበር ማዶ፣ ከኮንጎ ሰሜን ምሥራቅና ከደቡብ ሱዳን ጫካዎች የወጣ አዳኝ ነው። ወንዱ እስከ ትከሻው 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆማል፤ ክብደቱ 11 ኪሎ ገደማ ነው። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ግንባሩ የተሸበሸበ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ፣ እግሩ ጫፍ ላይ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ የሚመስል። እንደ ድመት ራሱን እየላሰ ያጸዳል። ከሁሉ የሚገርመው እንደ ሌላው ውሻ አለመጮኹ ነው። ዲዳ ግን አይደለም፤ ደስ ሲለው ዜማ የሚመስል ድምፅ ያወጣል። የአዛንዴ ሰዎች ለአደን ሲወጡ አንገቱ ላይ ከእንጨት የተሠራ ቃጭል ያስሩለታል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ የት እንዳለ የሚያውቁት በቃጭሉ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረታችን እሱ ዘንድ አልደረሰም።

ስሙ ግን ልጆቻችንን አስቆጥቷቸዋል። ካምፓላ ያደገ ልጅ «ምሼንዚ» የሚለውን የስዋሂሊ ስድብ ያውቀዋል፤ ያልሠለጠነ፣ ባላገር እንደ ማለት ነው። «ባሰንጂ» የዚያው ቃል ዘመድ ነው፤ «የጫካ ሰዎች ውሻ» ከሚል የሊንጋላ አነጋገር የመጣ። እኛ ሰውን ልናዋርድ ስንፈልግ «ውሻ» እንላለን። እዚያ ደግሞ ውሻውን የሚጠሩት ሰውን በሚያዋርዱበት ስም ነው። ይህንን ያስተዋለችው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እኛ እስክትነግረን ልብ አላልነውም ነበር።

ፈረንጆች ይህን ውሻ ወደ አገራቸው ለመውሰድ ብዙ ሞክረዋል። በ1895 እንግሊዝ ለትርኢት የቀረቡት ሁለቱ በዲስቴምፐር በሽታ ሞቱ። በ1923 ሌዲ ሄለን ናቲንግ የተባሉ ሴት ከሱዳን ስድስት ወሰዱ፤ ከዚያው በሽታ ሊከላከሉላቸው ባስወጉት ክትባት ምክንያት ስድስቱም አለቁ። የተሳካው በ1930ዎቹ ነው፤ በ1937 በለንደኑ የክራፍትስ ትርኢት ላይ ኦሊቪያ በርን ያቀረቧቸውን ለማየት ሕዝቡ ተጋፋ። ወደ አሜሪካም ጥቂቶች ተሻገሩ። በ1941 ከምዕራብ አፍሪካ ቦስተን የደረሰ አንድ የጭነት መርከብ ሲራገፍ፣ ከዕቃው መካከል ከስታ የተገኘች አንዲት ሴት ውሻ ነበረች። «ኮንጎ» አሏት፤ ከዝርያው እናቶች አንዷም ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1942፣ የአሜሪካ ባሰንጂ ማኅበር ተመሠረተ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የውጭው ዓለም ባሰንጂ ሁሉ የተራባው በጣት ከሚቆጠሩ ወላጆች ነው። ማኅበሩ ሲቋቋም የነበረው ሀብት እነዚያ ጥቂት ውሾችና አንድ የትውልድ መዝገብ ብቻ ነው። ማን ከማን ተወለደ፣ መቼ፣ መልኩ ምን ይመስላል፣ ለማን ተሰጠ። የሚጽፉት ደመወዝተኞች አይደሉም፤ ቀን የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሊቀ መንበሩም፣ ገንዘብ ያዡም፣ መጽሔቱን የሚያዘጋጀውም፣ ዓመታዊውን ትርኢት የሚያስተናግደውም፣ ወንበር የሚደረድረውም በነፃ ነው። ዕድር ያለው ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። የዕድሩ ጸሐፊ ደመወዝ የለውም፤ ድንኳን ተካዩም አይከፈለውም፤ ደብተሩ ግን ይጻፋል፣ የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍላል፣ ቀብር ሲሆን ማንም ምን ልሥራ ብሎ አይጠይቅም። እነዚህ ሰዎች ለውሻ ዕድር አቁመዋል ብንል አላጋነንንም።

መዝገብ ያለው ማኅበር ደግሞ አንድ ቀን መዝገቡ የማይወደውን ነገር ይነግረዋል። ባሰንጂዎች መካከል ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያፈራርስ፣ በዘር የሚወረስ የደም ማነስ ተገኘ። ተሸካሚውን የሚለይ ምርመራ ሲመጣ፣ በ1970ዎቹ፣ አርቢዎቹ ቆራጦች ሆኑ፤ ተሸካሚ የተባለውን ሁሉ ከእርባታ አወጡት። በሽታው ጠፋ ሊባል ደረሰ። ግን ያወጧቸው ውሾች ሌላ ሌላ መልካም ዘር ይዘው ነበር የወጡት፤ ጥቂት የነበረው ዘር ይበልጥ ጠበበ፣ ከቀሩት መካከልም ሌላ የተደበቀ በሽታ እየበዛ መጣ። ይህ ሁለተኛው ፋንኮኒ ይባላል። ኩላሊት ስኳሩንና ሌላውን ንጥረ ነገር መያዝ ያቅተውና በሽንት ያፈሰዋል። ክፋቱ የሚታየው ውሻው አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት ከሞላው በኋላ መሆኑ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወልዶ፣ ልጆቹም ወልደው ይሆናል።

የባዮሎጂ መምህራኖቻችን ይህንን ታሪክ ለዘር ውርስ ትምህርት ሊጠቀሙበት ወስደውታል። እኛን የያዘን ግን ሌላው ክፍሉ ነው። ውሻው ታሞ ሳለ ለጎረቤት መናገር ለአርቢ ኪሳራ ነው፤ ቡችላዎቹን የሚገዛው የለም፣ ስሙ ይነሣል። እኛ አበሾች እንዲህ ያለውን ነገር በጓዳ ነው የምንይዘው፤ በቤተሰብ ውስጥ በዘር የሚመጣ ሕመም ካለ ለጋብቻ የመጣው ሽማግሌ እንኳ እንዳይሰማ እንጠነቀቃለን። እነዚያም ሰዎች መጀመሪያ ደብቀዋል፤ ሰው ናቸውና። ቀስ በቀስ ግን መናገር የጀመሩ ተገኙ። በየወሩ የውሻቸውን ሽንት፣ ስኳር ያለበት ዘመድ ያለው ሁሉ በሚያውቃት በዚያች ቀጭን ወረቀት እየለኩ ውጤቱን ይነጋገሩ ጀመር። ገንዘብ አዋጡ፤ የታመሙትንም የጤነኞቹንም ናሙና ለተመራማሪዎች ሰጡ። በ2007 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን የዘረመል ምርመራ አቀረቡ፤ በ2011 ደግሞ ይበልጥ ትክክለኛው መጣ። የተመረመረው ውሻ ውጤት ከነስሙ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ይወጣል። አሁን ተሸካሚውን አይጥሉትም፤ ከንጹሕ ጋር ያዳቅሉታል፣ ከዚያ የሚወለድ ታማሚ የለምና። ከ1970ዎቹ የተማሩት ይህ ነው።

ዘሩ መጥበቡ ግን በምርመራ ብቻ የሚድን አልነበረም። ስለዚህ በ1987 እና በ1988 ባሰንጂ አርቢዎች ወደ ዛየር ሰሜን ምሥራቅ ተጓዙ፤ መንግሥት አልላካቸውም። በየመንደሩ እየዞሩ ከአዛንዴ ባለቤቶች ቡችላዎች ለምነው ይዘው ተመለሱ። ለውሾቹም በአዛንዴ ገዢ ነገድ ስም «አቮንጋራ» የሚል መጠሪያ ሰጧቸው፤ ይህኛው ስም እንኳ ስድብ አይደለም። በ1990 ለዘመናት ተዘግቶ የነበረው መዝገብ ለእነዚህ ውሾች ተከፈተ፤ ዝንጉርጉር መልክ ያላቸውም ያኔ ነው የገቡት። ከ2009 እስከ 2013 መዝገቡ እንደገና ተከፍቶ ነበር፤ አዲስ ውሻ የሚገባውም አዋቂዎች ካዩት በኋላ የማኅበሩ አባላት ድምፅ ሲሰጡበት ነው። ስለ ንጹሕ ዘር የሚመጻደቅ ሰው ይህንን ቢያስብበት ደግ ነው። ንጹሕ የተባለው ሊጠፋ ሲቃረብ የዳነው ከመንደር በመጣ፣ ወረቀት በሌለው ውሻ ነው።

ሌላም ሥራ አላቸው፤ ይሄኛው ወደ ካምፓላ ያመጣናል። ባለቤቱ የሞተበት፣ የተፈናቀለ ወይም ያልፈለገው ባሰንጂ ሲኖር አዲስ ቤት ይፈልጉለታል። አሜሪካ ሰፊ አገር ስለሆነ ውሻው ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው መሄድ ካለበት በጎ ፈቃደኞች መንገዱን ይከፋፈሉታል። አንዱ ከከተማው እስከ ሚቀጥለው ከተማ ይነዳል፣ ነዳጁን ከኪሱ ይሞላል፣ መኪና ማቆሚያ ላይ ለሚቀጥለው አስረክቦ ይመለሳል።

ለምን ወደ ካምፓላ ያመጣናል? የማኅበረሰባችንን ኑሮ ስለምናውቅ ነው። በካባላጋላና በካንሳንጋ በኩል የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦቻችን ፕሮሰስ ላይ ናቸው። ቀኑ ይመጣል፤ ቪዛው ሲደርስ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው ያላቸው። ፍራሽና ማድቤት ዕቃ ይሸጣል፣ ቴሌቪዥኑ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ተፈልቶ ይሸኛል። በግቢው በር ላይ የታሰረው ቡቺ ወይም ቦቢ የማንም ጉዳይ አይሆንም። አዲሱ ተከራይ ይፈታዋል፣ ወይም ረስቶት እንደታሰረ ይቀራል። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባለው መንገድ ከሚዞሩት ውሾች አንዳንዶቹን ልጆቻችን በስማቸው ይጠሯቸዋል፤ ባለቤቶቻቸው አሁን ካናዳና አውስትራሊያ ናቸው። ክበቡን የጠየቁት ልጆች ከማመልከቻቸው አንደኛ ዓላማ አድርገው የጻፉት ይህንኑ ነው፦ «ቤተሰብ ሲሄድ ውሻውን የሚረከብ ሰው ቀደም ብሎ መፈለግ።» ከእነዚህ ልጆች ግማሾቹ ራሳቸው ፕሮሰስ ላይ ናቸው። ይህን ስናነብ ቢሮው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ወደ ስጋቱ እንምጣ። እናትየዋ ትክክል ናቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ወደ ሰው የሚያደርሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው፤ በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከል 40 ከመቶው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። አዲስ አበባ ያደግን ወላጆች «ፓስተር» ሲባል ትዝ የሚለን ሰፈሩ ብቻ አይደለም፤ ሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት የሚወጋው መርፌም ነው። ታዲያ ልጆቹን ከውሻ ማራቅ ያድናቸዋል? ካምፓላ ውስጥ ከውሻ መራቅ አይቻልም። በሙየንጋም በቡጎሎቢም በየበሩ «ኤምብዋ ኤንካምብዌ» ተጽፎ እናነባለን፤ የሚነክሰው ግን ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ያልተለጠፈበት፣ ፖሾና ሙኬኔ ፍለጋ የሚዞረው ነው። ባለሙያዎች የሚሉት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ ቢከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል ነው። 70 ከመቶውን ለማወቅ ግን መጀመሪያ ስንት ውሾች እንዳሉ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ይኸው ነው መዝገብ።

ውሻውን መከተብ ከውሻው ያለፈ ጥቅም እንዳለው አገራችን ምስክር ናት። በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውና በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 የማይበልጠው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያም በ2003 እና በ2004ም በእብድ ውሻ በሽታ ረግፏል። በሽታው የሚመጣበት ከእረኛው ውሻ ነው። ስለዚህ ቀበሮውን የሚጠብቁት ሰዎች ለዓመታት ሲከትቡ የኖሩት የመንደሩን ውሾች ነው።

እዚህ ኡጋንዳም ከእኛ የቀደሙ አሉ። በካምፓላ በ1996 የተቋቋመው የእንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር የተጣሉ ውሾችን ያስጠጋል። ጉሉ ውስጥ ደግሞ ቢግ ፊክስ ኡጋንዳ የተባለው ድርጅት ጦርነቱ ጠባሳ ያሳደረባቸውን ሰዎች ጌታ ከሌላቸው ውሾች ጋር ያገናኛል። ሥራውን የጀመሩት ፍራንሲስ ኦኬሎ ኦሎያ በልጅነታቸው በፈንጂ ዓይናቸውን ያጡ ሰው ናቸው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ በሌሊት መጸዳጃ ቤት የሚያደርሷቸው የሠፈሩ ውሾች ነበሩ። ለእርዳታው የተመረጡት ውሾች ሻምፒዮን አይደሉም፤ ልክ በእኛ በር ላይ እንደሚያልፉት ናቸው። ልጆቻችንም አንድ የውሻ ዝርያ ገዝተው እንዲያሳድጉ አንፈቅድም። በዚህ ከተማ የጀርመን ውሻ ቡችላ በስንት እንደሚሸጥ ሰምተናል፤ በዚያ ገንዘብ ብዙ ውሻ ይከተባል። (ጃንሆይም ቢሆኑ ከሉሉ ጋር ሲታዩ ለሉሉ ያማረባቸው ዙፋኑ ስለነበራቸው ነው።)

ስለዚህ ክበቡ የሚሠራው በዚህ ውል ነው። ያልተከተበ ውሻ ማንም ተማሪ አይነካም፤ ክትባቱን የሚሰጠው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው፤ ልጆቹ ባለቤቱን ያስፈርማሉ፣ ይመዘግባሉ፣ የሚቀጥለውን ቀን ያስታውሳሉ። ማንኛውም ሰው ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም እንደሚኬድ እያንዳንዱ አባል በቃሉ ይይዛል፤ ይህንንማ አባል ያልሆነውም ቢይዘው። በእምነቱ ምክንያት ውሻ መንካት የማይፈልግ ልጅ የመዝገቡ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ ሊሆን ይችላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ከክበቡ ሥራ ትልቁ እጅ እዚያ ነው ያለው። መዋጮው በወር 1,000 ሺሊንግ ነው፤ ለሌለው በነፃ። መዝገቡን ማንም ወላጅ መጥቶ ሊያገላብጠው ይችላል፤ የሞተውም፣ የጠፋውም፣ ሰው የነከሰውም ውሻ እንደሆነው ይጻፋል። ጥሩ ጥሩውን ብቻ የሚጽፍ ክበብ ቢሆንብን በዚያው ተርም እንዘጋዋለን።

ፊደል ስለመቁጠሩ ደግሞ፣ ለአባትየው፦ መዝገቡ በአማርኛ ነው የሚያዘው። «መልክ»፣ «ዕድሜ»፣ «የባለቤት ስም»፣ «የተከተበበት ቀን»፣ «ከማን ተረከበ» የሚሉት ዓምዶች በልጆቹ እጅ ተሰምረዋል። «ዝንጉርጉር»ን እና «ቡላ»ን ለመለየት ሦስት ልጆች ግማሽ ሰዓት ሲከራከሩ ሰምተናል፤ በክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ የአማርኛ ክርክር ካየን ሰንብተናል።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 ይውላል፤ በእኛ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግሥት ነው። በዚያ ቀን በግቢያችን የመጀመሪያውን የክትባት ፕሮግራም ለማድረግ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋግረናል። ውሻ ያላችሁ አስራችሁ አምጡ። የፈቃድ ቅጹ ከዚህ መጽሔት ጋር ወደየቤቱ ተልኳል፤ በሚቀጥለው ተርም የመጀመሪያ ሳምንት ተፈርሞ ይመለስልን። በሚቀጥሉት ወራት ጉዞ ያለባችሁ ቤተሰቦች ከቅጹ ጀርባ ያለውን ክፍት ቦታ አትለፉት፤ የውሻችሁን ስም፣ የሚበላውንና የሚፈራውን ጻፉልን። እስካሁን አራት ቤተሰቦች ሞልተዋል፤ ለሦስቱ ተረካቢ ተገኝቷል።